ቆሞ የሚያድግና ቆሞ የሚወደድ ሀብት

ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ይህን ያገኘሁትን ምን ላድርገው?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ገንዘብ ማግኘትን በየትምህርት ቤቱና በየገበያው የሚያስተምር ሞልቷል፤ ያገኙትን በደኅና ማኖርን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው በዓመታት ላብ ያጠራቀመውን በአንድ ቀን ምክር የሚያጣው ስለዚህ ነው።

በዘመናችን ከተለመዱት ምክሮች አንዱ «መኪና ግዛና አቁመው» የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ ግዛና ንዳው አይደለም የሚባለው። በባለጸጎቹ አገሮች ገንዘብ የተረፈው ሰው ብርቅ የሆነ የውድድር አውቶሞቢል ገዝቶ በተቆለፈ ቤት ያኖራል፤ በአገራችንም አቅሙ የፈቀደለት ሰው ቪትዝ ወይም ላንድ ክሩዘር ገዝቶ፣ ሸራ አልብሶ በግቢው ያቆማል። የሁለቱም አሳብ አንድ ነው፤ ዛሬ ከተገዛበት ነገ በበለጠ ይሸጣል የሚል ነው። እንግዲህ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፦ እንዲሠራበት የተበጀን ዕቃ ሳይሠሩበት አቁሞ ትርፍ መጠበቅ ብልኅነት ነው ወይስ ስስት?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ሰው ላይ እናሳርፈው። በአርባ ምንጭ የሚኖር አንድ ወጣት የሙዝ ነጋዴ እናስብ። ከላንቴና ከዙሪያው ገበሬዎች ሙዝ እየገዛ፣ በተከራየው አይሱዙ እያስጫነ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከብዙ ድካም በኋላ አንድ መኪና የሚገዛ ጥሪት አበጀ። ጓደኛው «ገዝተህ አቁመው፤ ስንቱ ከብሮበታል!» ይለዋል። አጎቱ ደግሞ ከጨንቻ ወርደው «ልጄ፣ የማይታረስበት በሬ ለምን ይገዛል?» ይሉታል። ከሁለቱ የማንኛቸውን ይስማ?

የጓደኛውን ምክር ሳንንቅ እንጀምር፤ ምክሩ ከባዶ የተነሣ አይደለምና። በኢጣልያ አገር ፌራሪ የተባለው ፋብሪካ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1964 ዓ.ም.፣ 250 ጂ.ቲ.ኦ. የሚባል የውድድር አውቶሞቢል ሠርቶ ነበር። በጠቅላላው የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። አዲስ ሳለ በአሜሪካ ዋጋው 18 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በ2018 ዓ.ም. ከነዚሁ አንዱ በካሊፎርኒያ በሐራጅ ቀርቦ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ የመርሴዲስ ቤንዝ ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. ከሠራቸው ሁለት የ300 ኤስ.ኤል.አር. ኩፔዎች አንደኛውን በ135 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። ይህን የሰማ ወጣት ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የሐራጅ መዶሻ የሚያሰማን ያሸነፈውን ሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ የተሸነፈው ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሌላውንም እንስማ። በ1988 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጃጓር ፋብሪካ ኤክስ.ጄ. 220 የተባለ እጅግ ፈጣን አውቶሞቢል እንደሚሠራ በበርሚንግሃም ትርኢት አሳየ። ዘመኑ የብርቅ መኪና ዋጋ በየወሩ የሚንርበት ስለ ነበረ 1,500 ያህል ሰዎች «ለኔ፣ ለኔ» አሉ። ፋብሪካው ግን ሊሠራ ያሰበው ከ350 የማይበልጥ ነበር። ተራ የደረሳቸው እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ከፈሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ ያሰቡት መንዳትን አልነበረም፤ ተራቸውን ወይም መኪናውን ለሌላ በትርፍ ማስተላለፍን ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ የብርቅ መኪና ዋጋ ወደቀ። በ1992 ዓ.ም. መኪናው ሲደርስ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ይኖረዋል የተባለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ ንሮ ከ400 ሺህ ፓውንድ አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አንረከብም አሉ፤ ከፋብሪካው ጋር ፍርድ ቤት የቆሙም ነበሩ። በመጨረሻ የተሠሩት 300 እንኳ አልሞሉም። ያ አውቶሞቢል ዛሬ እንደ ገና ተፈላጊ ሆኗል፤ ሆኖም በብድር ቀብድ የከፈለ ሰው ሠላሳ ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የፈረንጁ ባለጸጋ ፌራሪን የሚገዛው ከጥንት ብርቅ ሆኖ ስለ ተሠራ ነው፤ በኛ አገር ግን ቀረጡና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ተራውን መኪና ብርቅ አድርገውታል። በሌላ አገር መኪና ከመሸጫው ደጃፍ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ በኛ አገር ግን አሥር ዓመት የተነዳ ቪትዝ ሲገዛ ከነበረው ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ሲያወጣ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚሁ ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120 ብር አለፈ።

ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠውስ እንዴት ሆነ? በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 ከመቶ በላይ ሲጨምር፣ ለቆጣቢ ይከፈል የነበረው ወለድ 7 ከመቶ ያህል ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ አምና በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህ ሰው አልሰከረም፣ ቁማር አልተጫወተም፤ ቆጠበ፣ ግን ደኸየ። እንግዲህ ላቡ በእጁ ላይ እንደ በረዶ ሲሟሟ አይቶ ወደ መኪና የሸሸውን ሰው «ስስታም» ብለን ብንዘልፈው ፍርዳችን ግፍ ይሆናል። ከዝናብ የሚሸሽ ሰው ያገኘው ጥግ ሥር ይጠጋል።

ሆኖም ጥግ ሥር መጠጋት ሌላ፣ ቤት ሠራሁ ማለት ሌላ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው መጠለያውን እንደ ሥራ፣ ማምለጥንም እንደ መክበር ስንቆጥር ነው። መኪናው የተገዛበት ብር እጥፍ ቢሆን፣ የጤፉም የቤት ኪራዩም ዋጋ አብሮ እጥፍ ከሆነ፣ ሰውዬው ባለበት ቆሟል እንጂ ወደ ፊት አልሄደም። ሌላም ነገር አለ፤ አዋጅ ያስወደደውን አዋጅ ሊያረክሰው ይችላል። የመኪናው ዋጋ የተሰቀለው በቀረጥና በክልከላ ገመድ ላይ ከሆነ፣ የገመዱ ጫፍ ያለው በባለ መኪናው እጅ አይደለም። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው፤ የቤንዚኑ መኪና ነገ ብርቅ ይሆናል ወይስ መለዋወጫ የሌለው ሸክም? ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ የሚል ሰው ቢመጣ መኪናውን ሊሸጥልህ የፈለገ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

የነገሩን ሥር ለማየት አጎቱ ወደ ወረዱበት ደጋ እንውጣ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከቆላው ሙዝ ወደ ደጋው እንሰት ይደርሳል። በዶርዜና በጨንቻ በየቤቱ ዙሪያ የቆመውን እንሰት ያየ ሰው ቆሞ የሚያድግ ሀብት ምን እንደ ሆነ ይረዳል። እንሰት ከተተከለ በኋላ ብዙ ዓመት ይቆማል። ሲቆም ግን ሥራ አይፈታም፤ ግንዱ ይወፍራል፣ ሥሩ ይሰፋል፣ ቅጠሉ ለከብት ይሆናል፣ ቃጫው ገመድ ይወጣዋል። ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ይቆረጥና ቆጮ ሆኖ ቤተ ሰቡን ያሻግራል። ጎረቤት ሁሉ እንሰት ቢተክል የአንዱ እንሰት አያንስም፤ አገሩ ሁሉ ይጠግባል እንጂ።

የቆመ መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ባትሪው ይሞታል፤ ጎማው በቆመበት ይበላሻል፤ የላስቲክ ክፍሎቹ ይደርቃሉ፤ ቤንዚኑ ይለወጣል፤ አይጥ ገብታ ሽቦውን ትቆርጣለች። ዘበኛ ይፈልጋል፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ይጠይቃል። መኪናው እያረጀ ሳለ ዋጋው ብቻ ያድጋል። የሚያድገውም ከራሱ ፍሬ ወጥቶ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ገዢ ኪስ ነው። እንሰቱ ቆሞ ያድጋል፤ መኪናው ቆሞ ይወደዳል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ የሚያውቅ ወጣት የሀብትን ግማሽ ትምህርት ጨርሷል።

«ታዲያ ከሚቀጥለው ገዢ ኪስ መውሰድ ኃጢአት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ንግድ ሁሉ ከገዢ ኪስ ነው፤ በዚህ ብቻ ኃጢአት አይባልም። ለመፍረድ የሚረዳን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም እኔ ይህን ነገር ስለ ቆለፍሁበት ተሰልፎ የሚቆመው ማነው? የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ያልጠበቅነው ነገር እናገኛለን። ፌራሪውን የቆለፈ ሚሊየነር ማንንም በእግሩ አላስሄደም፤ ያን መኪና ለመታከሚያ ወይም ለገበያ የሚጠብቅ ድኻ የለምና። ሦስት ሚኒባስ ገዝቶ ዋጋ እስኪጨምር ያቆመ ሰው ግን በመናኸሪያው ፀሐይ የሚመታቸው መንገደኞች ባለ ዕዳ ነው። ጤፍና በቆሎ ገዝቶ ክረምት እስኪገባ የቆለፈው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በርሱ ደጃፍ የሚሰለፈው ረኀብ ነውና። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያማው ብልጭልጩን ሲሆን፣ ከባዱ በደል ብዙ ጊዜ ከተራው ዕቃ ሥር ተደብቆ ይገኛል። ሰዎች በፌራሪው ላይ ሲፈርዱ የእህሉ መጋዘን ባለቤት አብሮ ይፈርዳል።

ፌራሪው ለሌላ ሰው ጉዳት ከሌለው ለባለቤቱስ ምን ያደርግለታል? ይህ አውቶሞቢል በሰው እጅ ከተሠሩት ውብ ነገሮች አንዱ ነው፤ የተሠራውም ለሩጫ ነው። ባለቤቱ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ግን መንዳት ይፈራል፤ አንድ ጭረት ብዙ ሺህ ዶላር ነውና። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። መኪናው ሰውዬውን መሸከሙ ቀርቶ ሰውዬው መኪናውን ይሸከመዋል፤ በቁልፍ፣ በዘበኛ፣ በሥጋት ይሸከመዋል። ነጋዴያችንም ቪትዙን አቁሞ በየማለዳው ዋጋ ሲጠይቅ የሚውል ከሆነ፣ ዕጣው መጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ውድ ዕቃ በክፉ ቀን ያድናል የሚለውም እምነት ወሰን አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይስን የመሰሉ አውቶሞቢሎች ነበሯቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት ግን በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ስለ ንጉሡ አገዛዝ የፈለግነውን ብንፈርድ፣ በዚያች ሰዓት ሰውን የሚያቆመው በጋራዡ ያለው ዕቃ እንዳልሆነ ሁላችንም እንረዳለን።

የባለ ሀብት እውነተኛ አጥር ምን እንደ ሆነ አርባ ምንጭ ራሷ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አሳይታለች። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በሐዘንና በቁጣ ተነሡ፤ ቁጣውም ምንም ባልበደሉ ጎረቤቶች ቤትና ንብረት ላይ ሊወርድ ነበር። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሣሩን አይተው ተመለሱ። በዚያ ቀን ሱቁን፣ ባንኩን፣ በየግቢው የቆመውን መኪና ያዳነው የብረት በር አልነበረም፤ በሽማግሌዎች እጅ የተያዘ ሣርና ሣሩን ማክበር የተማረ ልብ ነው። እንግዲህ ነጋዴያችን ንብረቴ የሚለው ሁሉ ባልከፈለበት ዘብ ይጠበቃል ማለት ነው። ለዚህ ዘብ ምን ይከፍላል?

የጋሞ ደጋ የቀድሞ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ሀብት ያፈራ ሰው ሃላቃ ተብሎ እንዲከበር ከፈለገ ድግስ ደግሶ አገሬውን ማብላት ነበረበት። ሀብቱን ቆልፎ የተቀመጠ ሰው ባለ ከብት ሊባል ይችላል፤ ማዕርጉን የሚያገኘው ግን ሀብቱ በጎረቤቱ እጅ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ድግስ ደግሶ ጥሪትን መጨረስ ለወጣት ነጋዴ አይመከርም፤ ቁም ነገሩ ግን አላረጀም። ሀብት ክብር የሚሆነው በሰው መካከል ሲያልፍ ነው። ቀደም ብለን ያነሣነው የመርሴዲስ ኩባንያ እንኳ ያን መኪና ከሸጠ በኋላ የተገኘውን ገንዘብ ለወጣቶች የትምህርትና የምርምር ድጋፍ አውሎታል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመው አውቶሞቢል ወደ ፊት የሄደው ያን ጊዜ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

እንግዲህ ነጋዴያችን ምን ይወስን? ማንም ሌላውን ሰው ተክቶ ሊወስን አይችልም፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? የራሱ ትርፍ ከሆነ ጉዳቱም የራሱ ነው። የዕቁብ፣ የብድር ወይም የእናቱ የመጦሪያ ገንዘብ ከሆነ ግን በሰው ላብ ዕድሉን ሊሞክር አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ነገሩን ያውቀዋልን? ሙዝን ያውቃል፤ ጥሬውን ከበሰለው፣ የላንቴውን ከሌላው በዓይኑ ይለያል። የማያውቀውን ዕቃ በሰው ወሬ የሚገዛ ሰው የገዛው ወሬውን ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋው ባይጨምርስ? ዕቃው ራሱ ይጠቅመዋልን? አይሱዙ ቢገዛ ዋጋው ወደቀም ተነሣም ሙዙን ይጭንለታል፤ ኪራይም ይቀርለታል። ባጃጅ ቢገዛ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሰው ያመላልሳል፤ ለአንድ ሥራ ፈት ወጣትም እንጀራ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕቃ ቢወደድ በረከት ነው፤ ባይወደድም ኪሳራ አይደለም።

አራተኛ፣ ይህ ነገር በመቆሙ ማን ይቆማል? ይህን ጥያቄ ብቻ ማንም ሊመልስለት አይችልም፤ ከኅሊናው ጋር ይነጋገር።

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን አይርሳ። ጥሪቱን በሙሉ በአንድ መኪና ላይ የጫነ ሰው አንድ አዋጅ፣ አንድ እሳት፣ አንድ ሌባ ይበቃዋል።

አንድ ቀን እጅግ ቢከብርና ውብ የሆነ መኪና ልቡን ቢማርከውስ? ከላይ ያሉትን ዕዳዎች ከፍሎ እንደ ሆነ ይግዛው፤ ውበትን መውደድ ነውር አይደለም። ግን ስሙን አይለውጥ። የወደደውን ነገር «ወደድሁት» ይበል እንጂ «ቆጠብሁ» አይበል፤ ይንዳውም። ራሱን የሚያታልል ነጋዴ ሌላውን ማታለል ብዙ አይቸግረውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ ዛሬ መኪና የሚገዛ ገንዘብ የለህ ይሆናል። ሆኖም ከገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ጥሪት አለህ፤ ይኸውም ዕድሜህና እውቀትህ ነው። እርሱንም «ዋጋዬ እስኪያድግ» ብሎ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው፤ ተምሮ የማያስተምር፣ ሙያ ይዞ ከከፍተኛ ደመወዝ በታች አልሠራም ብሎ ዓመታትን በቤቱ የሚቀመጥ ሞልቷል። የቆመ ሞተር እንደሚዝግ የቆመ እውቀትም ይዝጋል። በርሱ መዘግየት የሚጎዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ ያልተማረው ሕፃን፣ ያልታከመው በሽተኛ፣ ያልተሠራው መንገድ በርሱ ደጃፍ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የአጎትዬው ጥያቄ አንተንም ይመለከታል፤ በሬው ካለ መሬቱ ይታረስ።